ከፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ

ያንን ስልጠና ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አዳማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የማስተባብረውም እኔ ነበርኩ። ገበያ የምሄደው ዘንቢል ይዤ ነው፤ ፌስታል ያንጠለጠለች ሴት ካየሁ ባላውቃትም እቆጣት ነበር።

ታላቅ እህቴና ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ፋብሪካ በታች ሽንኩርት ያለማሉ። የሚያጠጡት ከወንዝ ነው። ባለፈው በጋ ውሃው መልኩን ቀየረ፤ አንዳንድ ቀን ጥቁር፣ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርድ ጀመር። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ተቃጠለ። ያለቻቸው አንዲት ላም ጨነገፈች። ልጠይቃቸው ስሄድ እህቴን የበሰበሰ ሽንኩርት ስትነቅል አገኘኋት። ላጽናናት ብዬ የተናገርኩት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ሁላችንም ከራሳችን ብንጀምር እኮ…»

ቀና ብላ አየችኝ። «ከራሴ ምኑን ልጀምር? ቀለሙን የምደፋው እኔ ነኝ?»

ጎንበስ ብዬ አብሬያት መንቀል ጀመርኩ።

ወር ሳይሞላ እኔና ርዕሰ መምህራችን ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋር ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ለአካባቢ ጥበቃ ስልጠና ተጠራን። ሁለት ቀን፣ አበል ያለው። ወጪውን የሸፈነው ያው ፋብሪካ መሆኑን ያወቅኩት አዳራሹ ከገባሁ በኋላ፣ ከተሰቀለው ባነር ላይ ነው። በየወንበሩ የፋብሪካው ዓርማ ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ተቀምጧል፤ በየጠረጴዛው የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሯል። አሠልጣኙ ሳቂታ ሰው ነበር። ጥርሳችንን ስንቦርሽ ቧንቧ እንድንዘጋ መከረን። ቧንቧ! እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ እልል ነው።

እጄን አወጣሁ። «ከፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚለቀቀውንስ ማን ይዝጋው?»

ፈገግታው አልጠፋም። «መምህርት፣ ይህ መድረክ ጣት የምንጠቋቆምበት አይደለም። ለውጥ ከግለሰብ ይጀምራል።»

«የፋብሪካው ባለቤት ግለሰብ አይደሉም?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሌላው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። በሻይ ሰዓት ርዕሰ መምህራችን ክንዴን ይዘው፣ «አበሉን ልታስቀሪብን ነው?» አሉኝ። ያሳረረኝ የአሠልጣኙ ፈገግታ ሳይሆን ይሄ ነው። ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ትቼ መንገድ ወጣሁ፤ ባገኘሁት ሚኒባስ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከእህቴ፣ ከባሏና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድን። ባሏ በኦሮምኛ፣ እህቴ በአማርኛ አስረዱ። ኃላፊው በሁለቱም ቋንቋ «እናየዋለን» አለ። አዩትም። ባለሙያዎቹ የመጡ ዕለት ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ ዋለ። ለፋብሪካው ማን ቀድሞ እንደነገረ አላውቅም፤ እገምታለሁ እንጂ። በጠርሙስ ቀድተው፣ ችግር እንደሌለው ጽፈው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው ተመልሶ መጣ። ቢሮው ስንደውል፣ «ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» ተባልን። አቀረብን። እስካሁን ዝም ነው።

ክበቡን ለቀቅኩ። ልጆችን አምፖል አጥፉ ማለት ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ወንዝ የሚገድለውን ሰው ስሙን ሳልጠራ እነሱን በአምፖል ማስጨነቅ ግን አስጠላኝ።

እህቴ ዘንድሮ ሽንኩርት አልተከለችም። ባሏ እዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ሰማሁና በስልክ ጮኽኩበት፦ «እንዴት እነሱን ትጠብቃለህ?»

«ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለኝ። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው።