ከመዝገቡ የወጣው ፎቶግራፍ

ነሐሴ 13 ቀን፣ ዓርብ። የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ቁጥር 212። የፀጉር አስተካካይ መቀስ፤ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር፤ «እጀታው ላይ» ይልና ያበቃል። የጻፈችው በሙዚየማችን የክረምት ተለማማጅ የነበረች የታሪክ ተማሪ ናት። በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአክስቷ ቤት በር ላይ መኪና ገጭቷት ሞተች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሙዚየማችን ሁለት ክፍል ነው። ሁለተኛው ስለሚያፈስስ ባልዲ እናስቀምጣለን። እሷ በሠራችበት ሰባት ሳምንት የገባው ጎብኚ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ አራቱ ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ናቸው። ዘበኛው ሊዘጋ ሲል ይጠይቃት ነበር።

«ጉንዳን፣ ዛሬስ ስንት ሰው ገባ?»

«እኔና እርስዎ፣ አባባ።»

«እኔማ ደጅ ነኝ፤ አንዱን ሰርዢ።»

ጉንዳን ያላት ሣጥን ስታመላልስ አይቶ ነው። እኔ አለቃዋ በስሟም በቅጽል ስሟም ጠርቻት አላውቅም፤ «ይኼን ድገሚው» ነበር የምላት። ምሳዋን መስኮቱ ሥር ብቻዋን ትበላ ነበር። ከጠረጴዛዬ እዚያ ድረስ አራት እርምጃ ነው።

ከሙዚየሙ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት ልብስ ሰፊ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ እንድንገለብጠው አዋሱን። ሌላ ምስል የላቸውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤታቸውን ዘግተው ሩቅ ወዳለች ልጃቸው ሊሄዱ ስለነበር፣ ተለማማጇ እስከ ቀትር እመልሳለሁ ብላ ቃል ገባች። በመሃል ስካነራችን ተበላሸ።

ሐሙስ ከጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ነገ ልመልስላቸው።»

«ሳይገለበጥ ዕቃ አይወጣም። ማሽኑ ሲሠራ በፖስታ እንልክላቸዋለን።»

«መንገድ ላይ ቢጠፋስ?»

«ደንብ ነው።»

«እሳቸው እኮ ደንብ አላሉኝም። አደራ ነው ያሉኝ።»



ዓርብ ስብሰባ ውዬ ስመለስ እሷ ወጥታለች። በመውጫ መዝገቡ ላይ «ለባለንብረቷ ተመልሷል፤ በእኔ ኃላፊነት» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። አብሮት የባለንብረቷ ፊርማ ያለበት ደረሰኝና ፎቶግራፉን በቃላት የገለጸችበት ሁለት ገጽ ነበር። የኮቱን ቁልፎች ሳይቀር ቆጥራለች፦ አራት፣ አንዱ የላላ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከማንም ተቀብዬ አላውቅም። እኔ ግን በንዴት ጦፌ፣ ሰኞ ልክ አስገባታለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ደውዬ መርዶውን ነገርኳቸው።  እሳቸውም የዓርቡን አጫወቱኝ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሰች። ጫማዋ ጭቃ ስለነበር ደጁ ላይ አወለቀችው። ፎቶግራፉን በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልላ ከሹራቧ ሥር ይዛው ነበር፤ ጠብታ አልነካውም።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። አለቃዬ ያለ ፊርማ ዝናብ መጣሉንም አያምንም» አለቻቸው ደረሰኙን አውጥታ።

ስቀው ፈረሙ። እሷም ፎቶግራፉን በጉዞ ሻንጣቸው ውስጥ፣ በልብሶቹ መካከል አስቀመጠችላቸው። ዚፑ እምቢ ሲል በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው።