ሐመሩ ሐ

ያን ጊዜ ቆሰበር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የመጣልን ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የተጫነበት ነው። የጫነው ባለሙያ «ይሄን ቫይረስ አይነካውም» ብሎን ሄደ። ቫይረስስ አልነካውም፤ የነካሁት እኔ ነኝ፤ ሻይ ደፋሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪቦርዱ ላይ ሺፍት የሚባለው ቁልፍ፣ የግራውም የቀኙም፣ እምቢ አለ።

ሺፍት ከሌለ የአማርኛ ግማሹ ፊደል የለም። የ«ተ»ን ቁልፍ ሺፍት ይዘው ካልተጫኑ «ጠ» አይወጣም፤ «ጨ»ም እንደዚያው። ለእነሱ ካፕስ ሎክን አብርቼ፣ ጽፌ፣ መልሼ አጠፋለሁ። «ሐ»ም በሺፍት ነው የሚወጣው፤ ለእሱ ግን ማን ይደክማል? ሃሌታው «ሀ» አለልኝ፣ ድምፁ ያው። ኪቦርዱ እንዲቀየር ማመልከት ነበረብኝ። «ሻዩን ማን ደፋው?» እንዳልባል ዝም አልኩ።

ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ገጠር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ወራት ሙሉ ኪኒን ብትውጥ አልተሻላትም። ሐኪሙ «መድኃኒት የተላመደ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አክታዋን ለምርመራ ባሕር ዳር ላከ። ውጤቱ የሚመጣው በእኔ ኮምፒዩተር ነው። እሱ ካልመጣ ኪኒኑ አይቀየርም፣ ትልቁ ሆስፒታልም አይቀበላትም። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚፈልገው በስም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ግንኙነት አልነበረም። ክረምት ነው፤ ኢንተርኔት የምንቀበልባትን ሲዲኤምኤ መስኮት ላይ ባንጠለጥላት፣ ብገለብጣት፣ ወይ ፍንክች! ሽማግሌው በየገበያው ቀን ይመጣሉ። ልጅቱ አፏን በነጠላ ሸፍና በረንዳው ጥግ ትቀመጣለች፤ ሳሏ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ልጄ፣ መጣ ይሆን?»

«ኔትወርክ የለም አባቴ።»

«ይሁን እንግዲህ» ብለው ይመለሳሉ።

በኋላ የሲዲኤምኤዋ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ፕሮግራሙም «ተገናኝቷል» አለኝ። ስሟን ጻፍኩ፤ «አልተገኘም»። ሲዲኤምኤዋን ነቅዬ በነጠላዬ ጠርጌ በሌላ ቀዳዳ ሰካኋት፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ «አልተገኘም»። ባሕር ዳር ወዳለው ባለሙያ ደወልኩ። «ከዚህ በኩል ሁሉም ይሠራል። እስኪ ስሙን በደንብ ጻፊው» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ስም መጻፍ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለሽማግሌው ያው «ኔትወርክ የለም» ሆነ መልሴ። ማንም የማይከራከራት ቃል ናት፤ እኔም ተደብቄባት ከረምኩ።

አንድ ቀን ብቻቸውን መጡ።

«እሷስ አባቴ?»

«ሚኒባሱ ላይ መውጣት አቃታት። ተኝታለች።»

አንጀቴን በሉት። ሌላ ጊዜ በመስኮት ነበር የማናግራቸው፤ ያን ቀን አስገብቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፣ እንዳልዋሸሁ ይዩልኝ ብዬ። ስሟን ጻፍኩ። «ይኸው፣ አልተገኘም ይላል።» ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። ለካ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይሄ የእሷ ስም አይደለም።»

«እንዴት አባቴ? እርስዎ የነገሩኝ እኮ ነው።»

«የእሷ በሐመሩ ሐ ነው። ይሄ ሃሌታው ነው።»

«ኧረ አባቴ፣ ያው እኮ ነው!»

«ለጆሮ ነው ያው።»

ቅር እንዳይላቸው ብዬ ካፕስ ሎክን አበራሁ። ሐመሩን ሐ ጻፍኩ። ውጤቱ ወለል ብሎ መጣ። መድኃኒት የተላመደ ነው። ከሥሩ የገባበት ቀን አለ፤ ከሃያ ቀን በላይ አልፎታል። ሃያ ቀን ሙሉ እዚያው፣ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«መጣ እንዴ?» አሉኝ።

«መጣ አባቴ።»

«መቼ?»

«ዛሬ። ዛሬ ጠዋት ኔትወርኩ ሲመለስ።»

አፌ እንዴት እንደፈጠነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ፈራሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሽማግሌው ቆመው በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው መረቁኝ።

በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። በሁለተኛው ሳምንት አረፈች። ያ ሃያ ቀን ያድናት ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ኪቦርዱ እንዲቀየር አመለከትኩ፤ በማግስቱ አዲስ ተሰጠኝ። ሻዩን ማን ደፋው ያለኝ ሰው የለም።

ሽማግሌው ለአርባዋ ተዝካር ሊጠሩኝ ራሳቸው መጡ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ዳሱ ውስጥ ሰዉ በአገውኛ ያወራል፤ እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አልሰማም። ሽማግሌው እኔን ሲያዩ ለእኔ ብለው በአማርኛ፣ ጮክ አድርገው፣ «ውጤቷ በመጣበት ዕለት ያገኘችልን ይህቺ ናት» አሉ። ሰው ሁሉ ብድግ አለልኝ። ከእናትየው ጎን ቦታ ለቀቁልኝ። እናትየው እጄን ይዘው በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ እያለቀሱ ነው።

«ምን አሉኝ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«እንዳንቺ ያለውን ለሰው ልጅ አይንሳው ነው የምትል። አሜን በይ እንጂ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ።