አራት ድርብ ጋቢ

ፍሬዘር ጋቢን የሚያውቀው በእጁ ነው። ዲላ ገበያ ዳር እናቱ መሰለች ባላት ሱቅ ውስጥ ጋቢ ሲያጥፍ ነው ያደገው። ዓይኑን ጨፍኖ ድርቡን ይቆጥርልሃል፣ የላላውን ሽመና በጣቱ ይለየዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላው ግን የፈለገው ኮምፒውተር ውስጥ የሚወድቅ ጋቢ ሆነ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ አንድ ሰው ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ልብስ የለበሰ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ የአሥራ ሁለት ሴኮንድ ፊልም፣ ገላው ጨርቁን እንዳይበሳ፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ። ፍሬዘር ከበርጩማው ተነስቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ የሚጥል የጌዴኦ ሽማግሌ ሠራ። ሽማግሌው አማረ። ጋቢው እምቢ አለ።

ኮምፒውተር ጨርቅ ምን እንደሆነ፣ የእጅ ክርን ምን እንደሆነ አያውቅም። ይሄ ያንን ሲነካ አቁመው ብለህ ካልነገርከው ክርኑ ጋቢውን ሰንጥቆ ይወጣል። መንገሩን ፍሬዘር በራሱ ነው የተማረው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ እያወረደ፣ ግማሹ ወርዶ ግማሹ እየተቋረጠ። ኮሌጅማ ዲፕሎማ ሰጠው እንጂ ምን አስተማረው? የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው እየተባለ ጊዜው አለቀ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማውስ ስለው ያስተማሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዛሬ ወጣቱ ሥራ አይወድም የሚሉት። አያፍሩም።

ጋቢ አራት ድርብ ነውና አራት ድርብ አድርጎ ሠራው። ሌላ ሰው ይሄን አያደርግም። የጋቢ ነጋዴ ልጅ ግን ጨርቅ የሚከብደው ሲደረብ መሆኑን ነው የሚያውቀው። አራቱ ድርብ እርስ በርሱ ይጋጭ ጀመር፤ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ሦስተኛው በአራተኛው ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፣ ጋቢው እንዳለ እንደ ወተት ይገነፍላል። አንድ ሙከራ ለመጨረስ ላፕቶፑ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታስተምረው ጓደኛው ሲፈን ሐሙስ ጠዋት ሱቁ መጥታ አየችው።

«አንድ ድርብ አድርገውና ተገላገል። ማን ይቆጥርብሃል?»

«አንድ ከሆነ ጋቢ አይደለማ።»

«ሥዕል እኮ ነው። ሸማኔ ሆንክ እንዴ?»

«የሸማኔ ደንበኛ ነኝ።»

«እሺ ደንበኛ፣ ነገ ዓርብ ነው።»

ስትሄድ የፕሮግራሙን ቁጥሮች አስተካክሎ ሙከራውን አስነሳ። አምስት ሰዓት ከሠራ በኋላ መብራት ጠፋ። የመጣው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የቀረው አምስት ሰዓት፣ የሚያስፈልገው ስድስት። ሦስቱን ድርብ አንድ በአንድ አጠፋቸው። በአርባ ደቂቃ አለቀ፤ ክርኑም አልወጣም።

መሰለች በትከሻው በኩል አየችው። «ሰውዬው አንሶላ ነው እንዴ የለበሱት?»

«ጋቢ ነው፣ እማ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ጋቢ ብሸጥ ሰው ደግሞ ደጄ አይደርስም።»

ላከው። ምን ያድርግ?

ማክሰኞ መልስ መጣ። «ግጭቱን በደንብ ተቆጣጥረኸዋል። ጨርቁ ግን ክብደት የለውም። የክብደቱን ቁጥር ለምን አልነካኸውም? ለቦታው ሰው መርጠናል።»

የክብደቱን ቁጥር። ፕሮግራሙን ከፍቶ ፈለገ። እዚያው ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑ ሥር። ስለ ጨርቅ የሚያስተምረው ቪዲዮ ሁለተኛ ክፍል ነበረው፣ ያ ክፍል ወርዶለት አያውቅም። አጠገቡ ቆሞ በጣቱ የሚያሳየው አንድ ሰው ቢኖር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ይህ ሁሉ ዲፕሎማ በሚታደልበት አገር ያ አንድ ሰው ጠፋ!

ቁጥሩን ጨመረው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያው አንድ ድርብ ጨርቅ የሽማግሌው ትከሻ ላይ ከብዶ ወደቀ። እናቱን ጠራት።

«አሁን ጋቢ ሆነ» አለች። «ላክላቸዋ።»

«ሰው ይዘዋል።»

«ሌላ ፈተና አያወጡም?»

«ያወጡ ይሆናል።»

ቢያወጡም ያረጀው ላፕቶፕ እስከዚያ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። መሰለች ደንበኛ ሲጠራት ወደ ባንኮኒው ሄደች፤ ፍሬዘርም ተነስቶ ተከተላት።