ሐጂ ከማል የገዛ ድምፃቸውን ያስተባበሉ ዕለት

በቀደም አንዲት አዲስ በጎ ፈቃደኛ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ልጅቷን በአካል አላውቃትም፤ የሥራ ፍላጎቷ ግን ደስ ይላል። «እትዬ ሰሚራ፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ በጣም ያስደነግጣል። ሽማግሌው እንደዚያ ሲሉ የሰማች ነፍሰ ጡር እዚያው ምጥ ይይዛታል! ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ ብንቀይረውስ?» ትላለች። መጨረሻው ላይ የሚስቅ ፊት ጨምራበታለች። እኔ አልሳቅኩም። «አይቀየርም» ብዬ መለስኩላት። ትንሽ ቆይታ «ለምን?» አለች። አይ ልጅነት! በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ መስሏታል። ተቀምጬ ስጽፍላት መልሱ ረዘመ፤ ረዘመና ይኸው ይህ ሆነ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጅማ ከተማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እውል ነበር። የስፌት መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሥራዬ የአንድ የስልክ መተግበሪያን ትርጉም ማስተባበር ነው። መተግበሪያው በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚታዩ አደገኛ ምልክቶችን ይጠይቅና ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ሠሪዎቹ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ናቸው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያሻሽለዋል፣ የፈለገ ወደ ቋንቋው ይመልሰዋል። ከፋይም ተከፋይም የለም። አማርኛውና ኦሮምኛው እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው እኔ ላይ ወደቀ። አባቴ «ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ሥራ ነው ወይስ ሰደቃ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ በጎ ፈቃደኛ ይተረጉማል፤ ሌሎቹ አይተው ይስማማሉ ወይም ይቃወማሉ፤ በመጨረሻ እኔ አጸድቃለሁ። ሲያወሩት ያምራል። እስቲ ጅማ ላይ ሽማግሌ የጻፈውን ማን ይቃወማል? የኛ ልጆች ደግሞ አደብ አላቸው፤ ከአፋቸው «ኤዬ፣ እሺ» እንጂ ሌላ አይወጣም።

ሽማግሌው ሐጂ ከማል ናቸው። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። የዛሬ ልጆች ድሬሰር ሲባል ላይገባቸው ይችላል፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን መርፌውንም ቁስል ማጠቡንም የሚይዘው ሰው ነው። ከሰቃ እስከ አጋሮ የሐጂ መርፌ ያላረፈበት ክንድ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ የእኔም ክንድ ላይ ምልክቱ አለ። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአፋቸው ማር ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መተግበሪያው በድምፅ ጭምር ስለሚናገር፣ ድምፃቸውን እንዲሰጡን ለመንናቸውና «ቢስሚላህ» ብለው ሰጡን። ስልኩ ሲከፈት ሐጂ ከጎንህ የተቀመጡ ነው የሚመስልህ።

ችግሩ የመጣው ከማስጠንቀቂያዎቹ ነው። ዋናው ጽሑፍ ደረቅ ነው፤ «ደም እየፈሰሳት ከሆነ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ከዘገየች ትሞታለች» ይላል። ሐጂ ግን እንዲህ ብለው ተረጎሙት፤ እንዲህ ብለውም ቀዱት፦ «አይዟችሁ። ወደ ሆስፒታል ብትወስዷት መልካም ነው። አላህ ያሽራታል፣ ኢንሻአላህ።» በጎ ፈቃደኞቹ በሙሉ ተስማሙ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። በእኛ አገር ክፉ በቀጥታ አይነገርም። ሰው ሞቶ እንኳ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ሁለተኛ ስሰማው ግን ላፕቶፑን ዘግቼ ተነሳሁ።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ቀርቦ፣ ጤና ተጠያይቀን፣ አባቴን፣ እናቴን፣ የአባቴን ወገብ ሳይቀር ጠይቀውኝ ሲጨርሱ ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና ይህቺ ማስጠንቀቂያ አላማረችኝም።»

«ምኗ ነው ያላማረሽ?»

«አታጣድፍም። እንግሊዝኛው ይጮኻል፣ የእኛው ያባብላል።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ምጥ በያዛት ሴት ጆሮ ሞት ይጠራል? ልቧ ቀድሞ ቢወድቅስ? ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ስይዝ አንድም ሰው ‹ትሞታለህ› ብዬ አላውቅም።»

«እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ እኮ! በአፍዎ እያጽናኑ በእጅዎ ያጣድፏቸው ነበር። ስልኩ እጅ የለውም።»

ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ «ከፈለግሽ ቀይሪው» አሉኝ። «አለቃዋ አንቺ ነሽ። ስሜንና ድምፄን ግን አውጪልኝ።»

«አለቃዋ» ያሉት ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በቾ ቦሬ ገባ። የበጎ ፈቃደኞቹ ግሩፕ ላይ አንዱ «ሐጂ ካልተከበሩ እኛም የለንም» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎቹ አውራ ጣት ደረደሩበት። አባቴ መቀሱን አስቀምጦ «ማሎ፣ እባክሽ ሽማግሌ አታስቀይሚ» አለኝ። አዲሱ እትም የሚወጣበት ቀን ደግሞ ደርሷል። ከወጣ በኋላ ኔትወርክ ወደሌላቸው ጤና ኬላዎች በስልክ ተጭኖ ይሄዳል፤ እዚያ ከደረሰ ማን ይመልሰዋል? ጽሑፉን መቀየሪያው እጄ ላይ ነው። ቀየርኩት ማለት ድምፁም ሰዉም ይሄዳል፤ ተውኩት ማለት ደግሞ አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ላይ «አይዟችሁ» እየተባለ ደሟ ይፈስሳል። ምግብ አልበላ አለኝ። ደግነቱ ሐጂ ራሳቸው ላኩብኝ፤ «የሙከራው ስልክ ወዳለበት ጤና ኬላ እንሂድና ሕዝቡ ይፍረደን።»

ኅዳር ነበር። ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ የሄድነው እሳቸው መቁጠሪያቸውን፣ እኔ መስኮቴን ይዘን ነው። በየደጁ ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የገለፈቱ ኮምጣጣ ሽታ ከአቧራው ጋር እየተቀላቀለ ይገባል። አጋሮ ላይ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝተው ከግማሽ በላይ ለእኔ ሰጡኝ። ተኳርፈን እንኳ ያበሉኛል! ይህ ይበልጥ አናደደኝ፤ በደንብ እንዳልጣላቸው አደረገኝ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ገጠሩ ገባን። ያገኙት ሰው ሁሉ ባጃጁን አስቁሞ እጃቸውን ስለሚስም መንገዱ አላልቅ አለን።

ጤና ኬላዋ ውስጥ ያለችው ዘምዘም የምትባል፣ እዚያው ቀበሌ የተወለደች ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የሙከራው ስልክ እሷ ዘንድ ነበር። አረፍ ብለን ውኃ እንኳ ሳንጠጣ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ለይላ የምትባል ነፍሰ ጡር ተኝታለች። ባሏ አብዱ ከፊት፣ አማቷ እማማ ሻምሲያ ከኋላ። ዘምዘም ነጠላውን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ከጎኗ ስለነበርኩ እኔም አየሁ። ደም ነው።

«አሁኑኑ አጋሮ ትሂድ» አለች ዘምዘም።

«አንቺ! የትናንት ልጅ!» አሉ እማማ ሻምሲያ። «እኔ ስንቱን እዚሁ ወልጄ አሳድጌያለሁ። ደም ያላየች ወላድ አለች? ደግሞስ በምን ትሄዳለች?»

እኛን ያመጣን ባጃጅ ተመልሷል፤ በአካባቢው ያለው መኪና አንድ የጭነት አይሱዙ ነው፤ እሱም ከመንገዱ ማዶ ቡና እየጫነ ነው። ጭነቱ የሚያልቀው ወደ ማታ ነው። አብዱ ላብ አጥምቆታል፤ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ያያል። በመጨረሻ «ስልኩ ይፍረድ» አለ። «ስልኩ ምን ይላል?»

ዘምዘም ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነካች። ማያ ገጹ ቀላ። ከዚያ ያ ማር የመሰለ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ «አይዟችሁ። ወደ ሆስፒታል ብትወስዷት መልካም ነው። አላህ ያሽራታል፣ ኢንሻአላህ።»

የእማማ ሻምሲያ ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! ይሄ የሐጂ ድምፅ አይደለም እንዴ?» ዞር ሲሉ ከበሩ ጀርባ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሐጂን አዩዋቸው። «ይኸው ራሳቸው! ሰማህ አብዱ? አይዟችሁ ብለውናል። ቡናው ተጭኖ ሲያልቅ አብረን እንሄዳለን።»

ሐጂን አየኋቸው። መቁጠሪያው ጣታቸው ላይ ቆሟል። ጠበቅኳቸው። ለይላ አቃሰተች፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ደከም ብሏል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማማ፣ አሁን ካልሄደች ትሞታለች!» ብዬ ጮኽኩ።

«አስተግፊሩላህ! አፍሽን ያዢ!» አሉ። «በልጄ ሚስት ላይ ታሟርቺያለሽ? ማን ነሽ አንቺ?» አብዱ ወደ እኔ ተራመደ። ቃሬዛውን የያዙት ጎረምሶች አጉረመረሙ። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

እማማ ሻምሲያ ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ፣ እርስዎ ይንገሩን። ይቺ ልጅ የምትለውን እንመን ወይስ ስልኩን?»

ሐጂ ቀስ ብለው ተነሱ። የሰው ፊት በአንድ አፍታ ሲያረጅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስልኩን ከዘምዘም እጅ ተቀብለው አዩት፤ መልሰው ሰጧት።

«ስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቻለሁ። እኔን አትስሙኝ፣ ልጅቷን ስሟት። ቡናው ተጭኖ እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ትሞታለች።» ከዚያ ማንም አልሰማሁም እንዳይል በኦሮምኛ ደገሙት፦ «ኒ ዱቲ!»

አብዱ እየሮጠ ወጣ። ጎረምሶቹ ተከተሉት። የተጫነው ቡና እየተወረወረ ወረደ፤ አንዳንዱ ከረጢት ተቀዶ ፍሬው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ባለቡናው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ለመስማትም ጊዜ አልነበረኝም። ለይላን መኪናው ላይ በፍራሽ አስተኝተን ወጣን። ያ መንገድ! ድንጋዩ ሁሉ ሆን ብሎ የቆመብን ነበር የሚመስለኝ። ሐጂ ለነውሩ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው «በጎኗ አስተኚያት፣ አትልቀቂያት፣ አሁን ትንፋሿን አዳምጪ» እያሉ ዘምዘምን ያዝዛሉ። እኔ የለይላን ጭንቅላት ታቅፌ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ።

አጋሮ ደርሰን ወደ ውስጥ አስገቧት። ደጅ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሐኪሙ ወጥቶ ሐጂን ለብቻቸው አነጋገራቸው። ሲመለሱ እማማ ሻምሲያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ሐጂ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ ዙሪያውን አልዞሩም።

«ሻምሲያ፣ ልጁ ሞቷል። ለይላ ተርፋለች።»

አሮጊቷ መሬቱን ደበደቡ፣ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው «ለይላዬ አለች?» አሉ።

«አለች።»

«አለች?» ደግመው ጠየቁ። ሐጂም ደግመው መለሱላቸው። አብዱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አነባ። እኔም አብሬው አነባሁ።

በማግስቱ ጧት ሐጂ ሳይጠሩ ሱቃችን መጡ። አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ፤ ደንበኞቹን በምልክት ዝም አሰኛቸው። ሐጂ ማስጠንቀቂያውን በአዲስ መልክ ቀዱ። መጀመሪያ «ትሞታለች» የሚለው ላይ ሲደርሱ አቋረጡ። ውኃ ጠጡና ደገሙት። ደረቅ፣ ግልጽ፣ ማባበል የሌለበት ሆነ። አጸደቅኩት። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ግሩፑ ላይ በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ፦ «ልጆቼ፣ እኔን ስታከብሩ ሰው እንዳትገድሉ።» ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ የእሳቸውን ትርጉም መቃወም ጀመሩ። እንዲያውም አበዙት፤ በትንሽ በትልቁ ይነዘንዟቸው ነበር። ሐጂ አንዳንዴ «ምነው ባላልኩ!» ይላሉ፤ ግን ደስ እያላቸው ነው።

ሐጂ ባለፈው ክረምት አረፉ። ገበያ መሐል ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ልጃቸው ጀማል ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ሰሚራ፣ አባባ ሞተ» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ተቆጣሁም። «እንዲህ ይባላል እንዴ ጀማል?» አልኩት።

«አደራ ብሎኝ ነው» አለኝ እያለቀሰ። «‹ለሰሚራ ዙሪያ ጥምጥም እንዳትሄድባት፣ ሰምታ ትድረስ› ብሎኛል።»

በእኛ ደንብ ጀናዛ አይቆይም። አክስቴ የሞተች ጊዜ «ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በይ» ተብዬ፣ የምይዝላት ብርቱካን ስገዛ ቆይቼ ስደርስ ቀብረዋት ተመልሰዋል። የዚያን ቀን ግን ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ቦሳ አዲስ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ ወንዶቹ ለቀብር ሊወጡ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። ሐጂ ከግቢያቸው ሲወጡ ቆሜ ሸኘኋቸው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ መርዶ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያኛው ያከበረኝ ግን የለም።