የጋሼ «ተስተካክሏል»

አጎቴ በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር፣ የለውጡ ማብራሪያ በሚጻፍበት ቦታ የሚያሰፍሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ተስተካክሏል»።

እኔ ሮተርዳም ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ምን ቀየራችሁ? ለምን? ሁለቱንም ጻፉ» እያልኩ ስጨቀጭቅ እውላለሁ። የገዛ አጎቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የተስተካከለው?»

«የተበላሸው ነዋ!»

እኔ አብረን በምንሠራበት ፕሮግራም ላይ ረዘም አድርጌ ስጽፍ ደግሞ ወዲያው ከዴን ሃግ ይደውላሉ። «መጽሐፍ ጻፍሽ እንዴ?»

ሲያርፉ፣ ኦስዶርፕ በሚባለው ሰፈር ላለው ቤተ ክርስቲያናችን የሠሩት ፕሮግራም እኔ እጅ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙ ቤት የዋሉ አረጋውያንን ለሚጠይቁ ተረኞች መልእክት ይልካል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይመድባል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ለእማማ ብርቄ ሁለት። ስህተት ነው ብዬ ልሰርዘው ስል ማብራሪያውን አየሁ። «ተስተካክሏል»። ተናድጄ ለጋሼ ባለቤት ደወልኩ።

«ማክሰኞማ የኩላሊት እጥበት ቀናቸው ነው! ሲመለሱ ያን ሁሉ ደረጃ ደግፎ የሚያወጣቸው ማን ነው? ይሄን የማያውቅ አለ?» አሉኝ።

አለ እንጂ፣ ጋሼ! እኔ አላውቅም ነበር! ሰርዤው ቢሆን እማማ ብርቄ ደረጃው ሥር ቆመው ይቀሩ ነበር።

መስመሩን ተውኩት። ምክንያቱን ግን ከአጠገቡ ጻፍኩ፤ እጥበቱን፣ ድካማቸውን፣ ሕንፃው ሊፍት እንደሌለው፣ ሁሉንም። ለውጡን ላክሁና ስልኬን አንስቼ ጠበቅሁ። መጽሐፍ ጽፌ ነበር፤ የደወለልኝ ግን የለም።