የራበው እጄ ነው

ያን ዕለት መወርወሪያውን የወረወርኩት መስሎኝ ነበር። ግራ እጄ ከድሩ ማዶ ሊቀበል ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ መወርወሪያው ግን ቀኝ እጄ ውስጥ እንደተያዘ ነው። «ልቀቅ» አልኩት፤ አልለቀቀም። በሃያ ስምንት ዓመት የሽመና ሥራዬ እጄ አልታዘዝም ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ሚስቴ ሱፍ ከምትፈትልበት ብድግ ብላ መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ መወርወሪያውን አወጣችው። ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለ፤ ጤና ጣቢያ «ስትሮክ ነው» አሉን።

እግሬ በሁለት ወር ተመለሰ፤ አፌማ ጭራሽ የትም አልሄደም፣ ሚስቴን ጠይቋት። ቀኝ እጄ ግን ደረቴ ላይ ተኮራምቶ ቀረ። በሽመናው ጉድጓድ ላይ ግማሹ የተሠራ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እንደተወጠረ ቆሟል። እኛ መንዝ ያለ ባና ክረምት አይወጣም፤ እኔ ደግሞ ነፋስ የማያሳልፍ ባና በመሥራት እስከ ሞላሌ ገበያ ስሜ የሚጠራ ሰው ነኝ፣ ምን አስደበቀኝ! አንድ ሸማኔ ወዳጄ መጥቶ «እኔ ልጨርስልህ፤ ዕቃውንም ከሚበሰብስ ልውሰደው» ሲለኝ፣ «ድሩን እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ሲወጣ ወደ ግድግዳ ዞሬ አለቀስኩ። እጄ ካልተመለሰ ሸማኔነቴ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀበር አውቄዋለሁ።

አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አርፌ ሕክምና ጀመርኩ። እጄን የምታሠራልኝ ባለሙያ የልጄ እኩያ ናት። ክንዴ ላይ የሚጣበቅ ነገር ለጠፈችና ኤሌክትሪኩን ስትለቀው፣ ስንት ወር ሙሉ ተጨብጠው የከረሙት ጣቶቼ ተዘረጉ። እኔ ሳላዝዛቸው! ቀጥላ እጄን ከሮቦት ክንድ ጋር አሰረችው። ሮቦቱ እጄን ይዞ ወደፊት ወደኋላ ሲያመላልስ፣ ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ መንገዷን ይዛ ትሄዳለች። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩለት። እጅ የሚያስታጥብህን ሰው ጆጉን አትቀማውም፤ ሰው ደግ ሲሠራልህ አርፈህ መቀበል ነው ወጉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳትነግረኝ የሮቦቱን እርዳታ ቀነሰችው። ነጥቧ መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

«ተበላሸብሽ» አልኳት።

«አልተበላሸም አባቴ። እስከ ዛሬ እሱ ሲሠራ እርስዎ ተጭነው ይሄዱ ነበር። ማሽኑ የሚጠቅመው አብሮት ለሚሠራ ሰው ነው። ለመሆኑ ቤት ማን ነው የሚያጎርስዎ?»

«ያላጎረሰኝ ማን አለ? ሚስቴ፣ እህቴ፣ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ። ታዲያ በግራ እጄ ከገበታ ልቁረስ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው እጅዎን ያሰነፈው ያ ሁሉ ደግ ሰው ነው» ብላ ሳቀች። «በቀኝዎ ይብሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኔ እንቁላል አይደለሁም» አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሌክትሪኩ ጣቶቼን ሲዘረጋ እኔም አብሬ «ልቀቅ፣ ልቀቅ» እያልኩ መግፋት ያዝኩ።

አገሬ ስመለስ ማንም እንዳያጎርሰኝ ምግቤ ለብቻው በሳህን ይሁንልኝ አልኩ። ሚስቴ ቤቱን ቀወጠችው። «ባሏን ለይታ ታበላለች ይበሉኝ? ተጣልተዋል ነው የሚለው ሰዉ!» እኔ ግን በቀኜ እያንጠባጠብኩ በላሁ። ከአፌ ይልቅ ጋቢዬ ጠገበ።

አንድ እሑድ የነፍስ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቁኝ መጡ። ሳህኔን አይተው «ምነው፣ ከሚስትህ ተጣላህ?» አሉና እንጀራውን በወጥ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉት። የነፍስ አባት ጉርሻ አይመለስም። ሚስቴ በዓይኗ ተቆጣችኝ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

ጉርሻው ፊቴ ላይ ሲቆይ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ። «አፌስ ጠግቧል፤ የራበው እጄ ነው። እዚያው ይያዙልኝ።»

እጄን ከጭኔ ላይ አነሳሁት፤ ትከሻዬ እንደ እሳት ነደደ። ጡጫዬ እጃቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። አሁን መከፈት አለበት፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ እዚህ የለም። ወጡ እጅጌያቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ለቀቀ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ያዝኩት። አፌ ጋ ሲደርስ ግማሹ ጢሜ ላይ ቀርቷል፤ የተረፈውን ጎረስኩ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እያኘክሁ ሳቅሁ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ይህኛውን ከፊተኛው ራቅ አድርገው ዘረጉት።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ መንደሩን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ ሁሉ ጉርሻውን ይዞ እጄን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ክፉማ ከራሱ በላይ አድርጎ ያንጠራራኛል።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ወደ ሽመናው ጉድጓድ ወረድኩ። እወረውራለሁ፣ መወርወሪያው ይወድቃል፤ ሚስቴ ልታነሳው ጎንበስ ስትል «ተይው!» እላታለሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ድሩ መሐል እየቀረ አበገነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ወረወርኩትና ድሩን አቋርጦ ሄደ። ግራ እጄ መጠበቁን ትቶ ኖሮ ሳይቀበለው ቀረ፤ መወርወሪያው የግራ አውራ ጣቴን አገኘው። ጮህኩ። ሚስቴ እንዝርቷን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆንክ?»

«መታኝ!»

«ማን?»

«ቀኝ እጄ!»

ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ባናው አልቋል። ከሕመሜ በፊት የሠራሁትንና አሁን የሠራሁትን ሁለት ቁራጭ አጋጥመን ሰፋነው፤ የፊተኛው ጥብቅ ነው፣ የኋለኛው ልል ሆኖ የጓሳን ተራራ ነፋስ ያስገባል። ገበያ አላወጣሁትም፤ እኛው እንለብሰዋለን። ሚስቴ ልሉን ወገን ሁልጊዜ በእኔ በኩል ታደርገዋለች። «የእጅህ ሥራ ነው፤ አንተው ይብረድህ» ትለኛለች። ይበርደኛል፤ ደስ እያለኝ ይበርደኛል።