ከመግነዣው የተቆረጠ ጠርዝ

ብርሃነሽ በየጠዋቱ አልጋ ስታነጥፍ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳስሰዋለች። አንሶላም ቢሆን፣ የጠረጴዛ ልብስም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሚያያት ሰው ስፌቱ እንዳልተተረተረ የምታረጋግጥ ይመስለዋል።

ጠርዝ መቀምቀም የተማረችው የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነው። ባሏ ጉልላት አስተማሪ ሆኖ አዋሳ ከተመደበ ገና ዓመቱ ነበር። ሐይቅ ዳር ባገኙት የቀበሌ ቤት እናቱ እማማ ጸሐይወርቅም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ቁራሻቸውን ለጎረቤት ልጆች ካላካፈሉ የማይውጡ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በበሩ ስር ይገባል። ለሚወለደው ልጅ ብላ ብርሃነሽ ከልብስ ሰፊው ከሙህዲን ደጅ ብጣሽ እየለቀመች ገጣጠመች፤ መሃሉን ጥጥ ሞላችው። የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር።

ለጠርዝ አንድ ወጥ ጨርቅ ያስፈልጋል። አቡጀዲ ደግሞ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ቤት ውስጥ የነበረው የእማማ ጸሐይወርቅ ብቻ ነው፤ ከጎጃም ሲመጡ ይዘውት የመጡት፣ ሳጥናቸው ግርጌ ያኖሩት መግነዣቸው። ብርሃነሽ ምን እንደሆነ ታውቃለች። አሮጊቷ ቅዳሴ በሄዱበት ከዳሩ ቀጭን ቁራጭ ቀደደች። ሱቁ ሲያመጣ እተካዋለሁ አለች ለራሷ።

ጠርዙን ቀምቅማ ስታሳየው ሙህዲን ብርድ ልብሱን ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ማዕዘኑ ተጨማደደ እኮ! ቀጥ አድርገሽ ቆርጠሽ ነዋ።»

«ታዲያ እንዴት ልቁረጥ ጋሼ ሙህዲን?»

«በሰያፍ ነው እንጂ! በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፤ ማዕዘኑን ዞሮ ልጥፍ ይልልሻል። ጨርቅ ግን ይበላል። አለሽ?»

«አለኝ» አለች።

ወደ ሳጥኑ ተመለሰች። በሰያፍ ስትቆርጠው የመግነዣው አንድ ጫፍ ሄደ። የተረፈው ተንሻፈፈ፤ ለማስተካከል ደግሞ ቆረጠች። አጣጥፋ ቦታው መለሰችው።

አዲሱ ጠርዝ ማዕዘኑ ላይ አንድ ሽብሽብ እንኳ አልነበረውም። እማማ ጸሐይወርቅ አዩትና «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሏት። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

«ምነው?» አሏት።

«እራት ላቅርብ?» አለች።

ልጁ ተወለደ፤ አቡጀዲ ግን አልመጣም። በክረምቱ አሮጊቷ ታመው አረፉ። ሊገንዟቸው የገቡት የእድር ሴቶች ጨርቁን ዘረጉት። ከጉልበታቸው ጥቂት ወረድ ብሎ አለቀ።

«እኔን! አጠረ!» አለች ከሴቶቹ አንጋፋዋ ሙሉጌጥ።

«ለራሳቸውም ሰሰቱ እንዴ?» አለች ሌላዋ።

«እግሬን አጥፌ እሄዳለሁ ብለው ይሆናላ!»

በለቅሶ ቤት ሳቅ ሲያመልጥ እንደሚሆነው ሁሉም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሙሉጌጥ የራሷን ነጠላ አውልቃ ቀጠለችበት። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ብርድ ልብሱን ለብሶ ተኝቷል። ከሴቶቹ መሃል የቆመችው ብርሃነሽ የቆረጥኩት እኔ ነኝ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሲለካ ያጎደለ ሁሉ «የጸሐይወርቅ ክንድ» ይባላል። ልጇም ትርጉሙን ሳያውቅ ከእኩዮቹ ጋር ይለዋል። ብርሃነሽ ይህን ያጫወተችኝ የአማቷን ስም እንዳነጻላት ነው። ሁሉንም ጻፊው አለችኝ። አንዱን ብቻ ተይልኝ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ሴቶቹ ሲስቁ እሷም አብራቸው መሳቋን።